ከስብከቱ ሥር ያለ ዘፈን

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ለክቡር አቶ ሰይፈሚካኤል
የድምፃዊት ጋዲሴ ኦሊቃ ሥራዎች ጠባቂና አስተዳዳሪ ጉባኤ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጉባኤው አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም ለጉባኤው ማኅተም ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በወለንጪቲ መውጫ ጎማ የምጠግነው፣ የሟች ጋዲሴ ባል አብተው፣ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥር 26 ቀን የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ሰው እንዲህ ያለ የተከበረ ደብዳቤ በስሙ ሲመጣለት በዕድሜው አንዴ ነውና ደስም ብሎኛል። በልጄ በዱሬቲ ሠርግ ላይ «ያልተመዘገበ የሟች ሥራ ያለ ጉባኤው ፈቃድ በአደባባይ በማቅረቤ» ጥፋተኛ መሆኔን፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የይቅርታ ጽሑፍ ማስገባት እንዳለብኝ፣ ዳግመኛም እንዳልዘፍን በፊርማዬ ማረጋገጥ እንደሚገባኝ ነግረውኛል። እነሆ በአሥራ አራተኛው ቀን መልሴን እጽፋለሁ። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ይዤ ልገባበት አልፈለግሁም።

ክቡርነትዎ የከሰሱኝ በትንሹ ጥፋቴ ነው። ትልቁን አያውቁትም፤ እስከ ዛሬ ከሰው ደብቄው ኖሬያለሁና።

ጉባኤዎ ላለፉት ሁለት ዓመታት በሬዲዮ፣ በፌስቡክና በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ «የጠፋው የጋዲሴ የመጨረሻ ካሴት ያለበትን የሚያውቅ ሁሉ እንዲጠቁመን» እያለ ሲያስነግር ቆይቷል። ያለበትን አውቃለሁ። ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከዳዊቴ ጎን ተቀምጧል። የቴፕ ማሽን በላው ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ አሥራ አራት ዓመት የተናገርኩት ውሸት ነው። ካሴቱን ማሽን አልበላውም። ድምጿን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በላዩ ስብከት ቀድቼበታለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በባለቤቴ ላይ በድያለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ እንጂ እንዲህ ዘርዝሬ አልነገርኳቸውም።

እንዴት እንዳጠፋሁት ከታች አስረዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ባለውለታን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነውና፣ ጉባኤው ለባለቤቴ ያደረገላትን በተራ ቁጥር ላመስግን።

1ኛ. ስለ ጥርሷ። በአደባባዩ ላይ ያሰቀላችሁትን ትልቅ ፎቶ አይቼ አመስግኛለሁ። ጋዲሴ ፍንጭት ነበረች። ከፊት ሁለቱ ጥርሶቿ መካከል እግዚአብሔር የተወው ክፍት ቦታ ነበር፤ በአዳማ የሚያውቃት ሁሉ ከሩቅ የሚለያት በእሱ ነበር። ጉባኤው እግዚአብሔር የረሳውን ሞልቶ ጥርሷን እኩል ስላደረገላት ውለታችሁ አይረሳም። ድምጿንም «አጽድተን አሳትመነዋል» ብላችሁ ያወጣችሁትን ሰምቼዋለሁ። ስትዘፍን በዚያች ክፍት ቦታ ትንሽ ፉጨት ታመልጣት ነበር፤ እሷም ጸድታለች። ዘፈኑ አሁን በጣም ንጹሕ ነው። ማን እንደሚዘፍነው ግን አላወቅሁም።

2ኛ. ስለ ስንኟ። ይህችን ከመጻፌ በፊት ሥልጣኑን ከየት አመጣችሁት ብዬ እንደማልጠይቅ ይወቁልኝ። የሰጠኋችሁ እኔው ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት «የወለንጪቲ አቧራ» የሚለው ዘፈኗ በልጆች ስልክ ላይ ወጥቶ አገሩ ሁሉ ሲጨፍርበት፣ እርስዎና ሁለት ባልደረቦችዎ ከነጭ መኪና ወርዳችሁ ወደ እኔ መጣችሁ። እኔ የተሳቢ ጎማ እየፈታሁ ነበር። ወረቀቱን ጎማው ላይ ዘረጋችሁልኝና ፈረምኩ። አንብቤው አልነበረም፤ የፈረምኩት ግን ስላላነበብኩት አይደለም። እኔ እጅ የገባው የእሷ ነገር ምን እንደሆነ ስለማውቅ፣ ከእኔ እጅስ የማንም እጅ ይሻላታል ብዬ ነው። የአውራ ጣቴ ጥላሸት ከፊርማዬ ጎን አርፎ ስለቀረ ጸሐፊያችሁ ወረቀቱ ተበላሸ ብላ ቅር ብሏት ነበር። እስከ ዛሬ ካልለቀቀ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዚያ ዘፈን ውስጥ እኔ ያለሁባት አንዲት ቦታ ነበረች። የተጋባን ዓመት ያወጣችው ነው፦

እጁማ ጥላሸት ነው፣ ልቡ ግን ነጭ ጋቢ፤
ጎማ ሲነፋ አይቼ፣ ሆንኩ ከቤቱ ገቢ።

ባለፈው ክረምት ቤት ሠርቶ ለሚሸጥ ድርጅት ማስታወቂያ ስታውሉት እንዲህ ሆኖ ሰማሁት፦

እጁማ የብር ቁልፍ ነው፣ ልቡ ግን ሰፊ ግቢ፤
ሳሎኑን ሰፊ አይቼ፣ ሆንኩ ከቤቱ ገቢ።

ሳሎን የሌለው ሰው ይቺን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይገባኝም። ከነጥላሸቴ ከዘፈኑ ስላወጣችሁኝ አልቀየምም። ነጭ ጋቢ ያለችውን ልቤን ከሆነ ያወጣችሁት፣ እሱማ ከዚያች ስንኝ በቀር የትም አልነበረም፤ ኋላ እንደሚያዩት።

3ኛ. ባለፈው ሙት ዓመቷ ላይ እንድናገር ስለተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለቱንም ደቂቃ ስፖንሰሩ ስለወሰደልኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው አልነበረኝም።

4ኛ. ስለ ሠርጉ ፈቃድ። ልጄን ስድር ድንኳን ተከራይቼ፣ ሃኒ የምትባለውን የአዳማ የሠርግ ዘፋኝ ጠራሁ። ሃኒ መጥታ ጎማ ያልገባበት ባዶ ቸርኬ ላይ ቁጭ ብላ አቀርቅራ ነገረችኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ወለንጪቲ በአንድ ሠርግ ላይ የጋዲሴን ዘፈን እኩሌታው ላይ ስታደርስ የጉባኤው ተቆጣጣሪ መጥቶ የማይክራፎኗን ገመድ እንደነቀለባት፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ላለመዝፈን ፈርማ እንደወጣች አስረዳችኝ። እንደ መሣቅ ብላ፣ «አባባ፣ የእትዬ ጋዲሴን ካልዘፈንኩ ሠርጉ ይቀዘቅዛል፤ ከዘፈንኩ ደግሞ እኔ እቀዘቅዛለሁ» አለችኝ። በእሷ አልፈረድኩም፤ ልጆች ታሳድጋለች።

ስለዚህ የባለቤቴ ዘፈን በልጇ ሠርግ ላይ ይዘፈንልኝ ዘንድ ወደ ቢሯችሁ መጣሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ መስተንግዷችሁ ጥሩ ነው፣ ወንበሩም ለስላሳ ነው። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ «ከሟች ጋር ያለዎት ግንኙነት» ይልና ከሥሩ ድርጅት፣ መገናኛ ብዙኃን፣ ተመራማሪ፣ ሌላ የሚሉ ሣጥኖች አሉት። ባል የሚል አልነበረም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ክቡር ሆይ፣ ስለ እኔ ይህን ያህል ትክክል የሆነ ወረቀት በሕይወቴ ሞልቼ አላውቅም።

ፈቃዱም ተፈቅዷል። አንድ ዘፈን፣ ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጥ፣ በማስታወቂያው ቃል መሠረት፣ «ሌላ ድምፅ ሳይጨመርበት»። ሌላ ድምፅ ምንድን ነው ብዬ በስልክ ብጠይቅ፣ ጭብጨባና እልልታም ሥራውን ስለሚለውጡ እንደሚጨምር በትሕትና ተነገረኝ። የወለንጪቲ ሴቶችን እልልታ የሚያስቆም መመሪያ ካላችሁ ለአገር ስለሚጠቅም እባካችሁ አሳትሙት። ብቻ ይህ ፈቃድ የተፈረመው ጥር 19 ቀን ሆኖ ሠርጉ ጥር 18 ስለነበረ አልተጠቀምኩበትም። አስቀምጬዋለሁ። ሌላ ሴት ልጅ ስለሌለኝ ግን ለማን እንደሚሆን አላውቅም።

5ኛ. ስለ ካሴቱ። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ገታ አድርጌ ራሴን ልናገር።

ጋዲሴን ሆቴል መዝፈን ያስተዋት ሕመም አይደለም፤ የሕይወት ታሪኳ ብላችሁ ያሳተማችሁት ላይ «ራሷን ለቤተሰቧ ሰጥታ» የሚለውም ልክ አይደለም። እኔ ነኝ። ዱሬቲን ስታረግዝ፣ «ንስሐ አባታችን አልወደዱትም» አልኳት። አባ ግን እንደዚያ አላሉም። ዘፈኗ እንደሚያስጨንቀኝ ስነግራቸው፣ አንተን ምን ይሰማሃል ብለው ብቻ ነበር የጠየቁኝ። የሚሰማኝ ቅናት ነበር። ጎማ ከምነፋበት መንገድ ማዶ፣ በሆቴሉ፣ ሰው ሁሉ ስሟን እየጠራ ሲያጨበጭብ፣ እኔ የማላውቃት ሴት ትሆንብኝ ነበር። ቅናቴን የቄስ ካባ አልብሼ ላክሁባት። እሷ አባን ታከብራለችና ክርክር አላነሳችም።

በ2003 ዓ.ም. ስትታመም፣ ከሱቄ ኋላ ባለችው ክፍል ተኝታ ቀን ቀን መዝፈን ጀመረች። ለማንም አልነበረም። በግድግዳ የምንዋሰናት ልብስ ሰፊዋ ፈውዚያ ሥራዋን እየተወች ትመጣላት ነበር፤ ስምንት ዓመት የሆናት ዱሬቲም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ እግርጌ አትጠፋም። እኔ ሱቅ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ዘፈን ነው የምትደጋግመው፤ በአማርኛ ሄዶ ሄዶ ማሠሪያው ላይ «ነጋን ገሊ፣ ኢንተለ ኮ» ይላል፤ በሰላም ግቢ ልጄ ማለት ነው። የልጅ ማባበያ መሰለኝ። የመጀመሪያውን አንጓ እሰማለሁ፣ ሁለተኛውን እሰማለሁ። ሦስተኛው ሲጀምር ከዚያ በላይ መስማት ያቅተኛልና ተነሥቼ ኮምፕረሰሩን አስነሣለሁ። የሚነፋ ጎማ አልነበረም። በየቀኑ፣ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ባዶውን አስጮኸው ነበር።

ለሰኔ ሚካኤል ንግሥ ከሩቅ የመጣ ስመ ጥር ሰባኪ አለ ተባለ። ልቀዳው ፈለግሁና ባዶ ካሴት አጣሁ። ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነው። እውነቱ ግን ካሴቱን ከትራሷ ሥር ሳገኘው ላዩ ላይ በእሷ እጅ «ዱ» የምትል አንዲት ፊደል ተጽፋበት አይቻለሁ፤ የእሷ መሆኑን አውቄያለሁ። የሆቴል ዘፈኖቿን መልሳ ቀዳቻቸው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ቃለ እግዚአብሔር ቢሸፍነው ለነፍሷም ይሻላታል አልኩ። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው እንደሚያውቀው፣ በካሴት ላይ ሌላ እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች። እሷ ሰብራታለች። አትንኩብኝ ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ ቀዳዳ መድፈን የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው። ወረቀት አጣጥፌ ወተፍኩት፤ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት፤ ሁለቱንም ገጽ ሞላሁት።

ከሳምንት በኋላ ቴፑን አቅርብልኝ አለችኝ። አቀረብኩላትና ወደ ግቢ ወጣሁ። በመስኮቱ የሰባኪው ድምፅ ተሰማኝ። ቆመ። ወደፊት አሳለፈችው፤ ሰባኪው። ገለበጠችው፤ ሰባኪው። እንደገና ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ከዚያ ቁልፉን መንካት ተወች፤ እስኪያልቅ ድረስ ሰማችው። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ሰባኪው ድምፁ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ውሃ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ስለ ካሴቱ ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። መልሳ እንዳትቀዳ ድምጿ በዚያው ሰሞን ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ አርባ ቀን አልቆየችም።

አርባዋን አውጥተን ሰው ሲበተን ፈውዚያ ዕቃ ለማጠብ ቀርታ ምን እንደነበረ ነገረችኝ። ዱሬቲ የምታገባ ቀን፣ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ ስትመረቅ፣ እናቷ በዚያ እንደማትኖር ታውቅ ነበርና ምርቃቷን አስቀድማ በዘፈን አስቀምጣላት ነበር። ካሴቱ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ፈውዚያ አልሰደበችኝም። ሦስተኛውን አንጓ ታስታውሺው እንደሆን ብዬ ለመንኳት፤ የኦሮምኛው ቃል ስለሚበዛበት እንዳልያዘችው ነገረችኝ። ለዱሬቲ አንተ ራስህ ትነግራታለህ፣ የእኔ ሥራ አይደለም ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማሽን በላው እያልኩ ለሰው ሳወራ በአጠገቧ ካለች መርፌዋን ታቆማለች። ሌላ ምንም አታደርግም።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እናንተ አጥሯን ከመነቅነቃችሁ በፊት ቀድሜ የነቀልኩት እኔ ነበርኩ። ለዚህ ነው አምስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ስትገጥሙ፣ ቃሏን ስትለውጡ፣ ከዘፋኝ አፍ ገመድ ስትነቅሉ ዝም ያልኩት። በእናንተ ላይ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ጥላሸት አያለሁ።

6ኛ. ስለ ከሰሳችሁኝ ጥፋት። ደብዳቤዎ «ድርጊቱን ከነተባባሪዎቹ በዝርዝር ያስረዱ» ይላልና አስረዳለሁ።

ድንኳኑ ከሱቄ ፊት ለፊት ተተክሏል፤ የጎማ ክምሬን በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ሙሽራው ከአርሲ ነገሌ ነው፤ ሚዜዎቹ ተጨዋች ናቸው። ሃኒ የሌላ ሰው ዘፈን እየዘፈነች እንደ ፈራችው ሠርጉ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። ሰዓቱ ሲደርስ ጉልበት ለመሳሚያ ሁለት ወንበር ቀረበ። ሽማግሌዎቹ በእናት ቦታ እህቴ በላይነሽ ትቀመጥ አሉ። ባዶውን ይሁን አልኩ። በላይነሽ ተቆጣች፤ ባዶ ወንበር ለሙሽራ ጥሩ አይደለም ብላ ብዙ ተናገረች። ግን ተወችልኝ።

ዱሬቲ መጥታ ተንበረከከች። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ሁሉም ምርቃት ይጠብቃል። ለአሥራ አራት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት።

«ልጄ፣ እናትሽ ለዛሬ ምርቃት ትታልሽ ነበር። ማሽን አልበላውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት።

 ቀና እንዳትል ፈርቼ ወዲያው ዘፈኑን ጀመርኩ። በሕይወቴ ከቅዳሴ ተሰጥኦ በቀር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ዜማው በየመካከሉ ወደ ቅዳሴ እየሄደብኝ መለስኩት። ተቆጣጣሪያችሁ በስልኩ የቀዳው ይህን ከሆነ፣ ስለ ድምፁ ጥራት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብታጸዱትም አይጸዳም። የመጀመሪያው አንጓ ማሠሪያ ላይ ስደርስ የወለንጪቲ ሴቶች፣ የጋዲሴ አክስቶችና የአክስት ልጆች፣ ተቀበሉኝ። ማንም አላስጠናቸውም። «ነጋን ገሊ» በየደጃቸው በየቀኑ የሚሉት ቃል ነው፤ የጉባኤው ማኅተም ከመቀረጹ በፊትም ይሉት ነበር። ሁለተኛውን ዘፈንኩ። ተቀበሉኝ።

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። አላውቀውም። እዚያ ቦታ ላይ በጆሮዬ ያለው ኮምፕረሰር ብቻ ነው። ዘልዬው ወደ ማሠሪያው ልሄድ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ከታች ተጀመረ። ዱሬቲ ግንባሯን ሳታነሣ ሦስተኛውን አንጓ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ዘፈነችው። በጆሮዬ አልነበረም የሰማሁት፤ በጉልበቴ አጥንት ነው የገባው። የእናቷ ፉጨት እንኳ ነበረበት፤ ልጄም ፍንጭት ናት። ስለ ጉልበቴ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩዎ ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስቆም ይንቀጠቀጥብኛል። ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። እንዲተወኝ አልፈልግም።

ስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ እናቷ አልጋ እግርጌ ተቀምጣ የቴፑን ቀይ የመቅጃ ቁልፍ የተጫነችው እሷ ነበረች። ዘፈኑን ሙሉውን ታውቀው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ስታንጎራጉረው ለምን እንዳልሰማኋት ጠየቅሁ፤ መኪናው ደጅ ቆሞ እየጠበቃት ነበር።

«አባዬ፣ ማሽን በላብኝ ብለህ እንዳታዝን ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

ከዚያ ዞራ የባዶውን ወንበር ጠርዝ ስማ ወጣች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በየእሑዱ ትደውላለች። ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ጉልበቴን ደህና ነው እላታለሁ። ይህም ውሸት ነው፤ ግን ይህንን ታውቀዋለች።

እንግዲህ ተባባሪዎቼን ዘርዝር ስላሉኝ፦ ልጄ፣ የወለንጪቲ አክስቶቿ፣ ማሠሪያውን ቶሎ የያዙ የአርሲ ነገሌ ሚዜዎች፣ በመጨረሻ ማይክራፎኗን አስቀምጣ በባዶ ድምፅ የገባች ሃኒ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየኋት ፈውዚያ፣ ተቆጥታ የነበረችው በላይነሽ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ወለንጪቲ በሌላ ሠርግ ላይ ሙሽራዪቱ ጉልበት ስትስም እናትየው ከእነ ሦስተኛው አንጓ እንደዘፈነችላት ሰምቻለሁ፤ እሷን አላውቃትም፤ እንደምትደርሱባት እምነቴ ነው። ትናንት አንድ ባጃጅ ነጂ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ ሲያፏጨው ነበር። ታርጋውን አልያዝኩላችሁም።

ቃሉን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ጽፌ ብሰጥ ማኅተም ያርፍበታል፤ ነገ ደግሞ የአንዱ ሕንፃ ሳሎን ይገባበታል። ለእኔም መልሱልኝ አልልም፤ ከሁላችሁ የባስኩ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። የእሷ ነገር ለእኔም ለእናንተም ያልተገባ ሆኖ፣ ምንም ሳይፈርሙ በያዙት ሰዎች አፍ ላይ ነው የተረፈው። ከእንግዲህ የምታስተዳድሩት ከሆነ እነሱን አስተዳድሩ። እንዳትዘነጉ ግን ብዙዎቹ ዘፈን የሚጀምሩት እሺ ካሉ በኋላ ነው።

የይቅርታ ጽሑፌን በተመለከተ፣ ለሚመለከተው አካል አቅርቤያለሁ። ትናንት ከቅዳሴ መልስ መቃብሯ ዘንድ ሄጄ፣ ከካሴቱ ጀምሬ አባ ያላሉትን ብለዋል እስካልኩበት ድረስ አንድ በአንድ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ነገርኳት። ዳግመኛ አልዘፍንም ብዬ እንድፈርም ያዘዙኝን ወረቀት ከዚህ ጋር ሳልፈርምበት መልሻለሁ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ጸሐፊያችሁን ደስ ይበላት።

የጉባኤውን ጥላ አያሳጥብን፣ የቢሯችሁን ለስላሳ ወንበር ያጽናው፣ በመጪው ጾም ለእርስዎም ለእኔም እውነቱን የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን እያልኩ፣ በጎማዎቼ መካከል ቆሜ በአክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

በቅጹ ላይ «ሌላ» የተባልኩት፣
የጋዲሴ ባል
አብተው

ግልባጭ፦
ለፈውዚያ፤ መርፌዋን እንድትቀጥል
ለሃኒ፤ ገመዷን አጥብቃ እንድትይዝ
ለወለንጪቲ ሴቶች፤ ለእልልታ

ማስታወሻ፦ ለሁለት ዓመት የፈለጋችሁትን ካሴት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጸሐፊያችሁ አስረክባለሁ፤ ትፈርምልኛለች። «ዱ» የምትለዋን የላይ ወረቀት ልጣ ዱሬቲ ወስዳታለች። ከጀርባው የወተፍኩትን ወረቀት በመርፌ አውጥቼዋለሁ፤ እንግዲህ በላዩ ማንም መቅዳት አይችልም። ስብከቱ የተሰጠውን መክሊት መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረ ሰው ነው የሚናገረው። እኔ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ተራው የእርስዎ ነውና እስኪያልቅ ድረስ ያድምጡት። ሰባኪው ድምፁ ጥሩ ነው።